መርፌ ያቆመው ቤት
ስለ ጅቡቲ ከተማ ልብስ ሰፊ እናቶች ለመምህራን ማኅበር ጉባኤ የቀረበ ንግግር




ስለ ትምህርት ታሪክ በሚነገርበት ጊዜ አስቀድሞ የሚነሣው የትምህርት ቤቱ ሕንፃ፥ ቀጥሎም የመሥራቹ ስም፥ ከዚያም ያስተማሩት መምህራንና የተማሩት ልጆች ቍጥር ነው። ይህ ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ሕፃኑን አጥቦ፥ አብልቶና አልብሶ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ያደረሰው እጅ በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይጠቀስም። የዛሬው ንግግር ርእስ ያ እጅ ነው፤ ይልቁንም በመርፌና በመቀስ ቤት ያቆመው የልብስ ሰፊዋ እናት እጅ ነው። ቦታውም የጅቡቲ ከተማ ነው። የሚተረከው ሕይወት የአንዲት ሴት ብቻ ሳይሆን በዚያች ከተማ በብዙ ቤት የታየ የኑሮ መልክ ስለ ሆነ የማንም ስም አልተጠራም። ዓመታቱም ጅቡቲ በምትከተለው በአውሮፓ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የጅቡቲን ከተማ የወለዳት ባሕሩ ሲሆን ያሳደጋት ባቡሩ ነው። ፈረንሳዮች በ1888 ከቈረቈሩአት በኋላ የግዛታቸውን መቀመጫ ከኦቦክ አንሥተው ወደዚያ አዛወሩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት የምድር ባቡሩ ሥራ በ1897 ተጀምሮ፤ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበረ። በዚህ መሥመር ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር ሲወርድ፤ ጨው፥ ብረታ ብረትና ብትን ጨርቅ ወደ ደጋ ወጣ። ከዕቃው ጋርም ሰው ተመላለሰ። ከዚህም የተነሣ በጅቡቲ የልብስ ስፌት ሙያ የያዙት እናቶች የትውልድ ስፍራ ልዩ ልዩ ነው። አንዳንዶቹ በዚያው በባሕሩ ዳር ከሶማሌና ከአፋር ቤተ ሰብ የተወለዱ ናቸው፤ ሌሎቹ ከየመን በጀልባ የተሻገሩ የዐረብ ልጆች ናቸው፤ የቀሩትም ከድሬዳዋ፥ ከሐረርና ከመካከለኛው ኢትዮጵያ በባቡር የወረዱ ናቸው። የጎረቤት ልጅ ሲጠራቸው ሶማሌው «ሆዮ»፥ አፋሩ «ኢና»፥ አማርኛ ተናጋሪውም «እማማ» ይላቸዋል። ሦስቱም ቃል እናት ማለት ነው።

የልብስ ስፌት መኪና ከእነዚህ እናቶች እጅ እስኪደርስ ድረስ ረጅም መንገድ ተጉዞአል። ባርተሌሚ ቲሞንዬ የተባለ ፈረንሳዊ ልብስ ሰፊ ለሠራው መኪና በ1830 የባለቤትነት ፈቃድ አገኘ። በማግሥቱ ዓመት ግን ይህ ነገር እንጀራችንን ሊነጥቀን ነው ብለው የፈሩ የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች ወደ ሥራ ቤቱ ገብተው መኪናዎቹን ሰባበሩበት። በ1846 አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው በሁለት ክር የሚሰፋ፥ የመርፌው ቀዳዳ በጫፉ በኩል የሆነ መኪና አስመዘገበ። በ1851ም አይዛክ ሲንጀር የራሱን የተሻሻለ መኪና አወጣ፤ ከ1856 ጀምሮ ደግሞ ኩባንያው ዋጋውን በየጊዜው ከፋፍሎ በመቀበል መሸጥ ጀመረ። ይህ የመጨረሻው አሳብ ከመኪናው ፈጠራ የማያንስ ነገር ነበረ። ምክንያቱም ሙሉውን ዋጋ በአንድ ጊዜ ለማውጣት የማይችል ቤተ ሰብ የልብስ ስፌት መኪና ባለቤት ለመሆን የቻለው በዚህ ዘዴ ነው። በፓሪስ የባለሙያውን ቤት ያፈርሳል ተብሎ የተፈራው መሣሪያ በሌላው ዓለም ሲደርስ የድኻ ቤት ማገር ሆነ።

በጅቡቲና በሐረርጌ አገር የስፌት መኪና ምን ያህል እንደ ተለመደ ለመረዳት ወደ ሐረር ከተማ መሄድ ይበቃል። በግንቡ ውስጥ «መኪና ግርግር» የሚባል መንገድ አለ። ስሙን ያገኘው በግራና በቀኝ ተደርድረው ከሚሠሩት ልብስ ሰፊዎች የመኪና ድምፅ ነው። እነዚህ በአደባባይ የሚሠሩ ወንዶች ስለ ሆኑ ድምፃቸው ለመንገድ ስም እስከ መሆን ደረሰ። በጓዳ ተቀምጣ የምትሰፋዋ እናት ግን ያንኑ መኪና ስታንቀሳቅስ ኖራ መንገድም፥ ምልክትም፥ መዝገብም አልተሰየመላትም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሙያ ልዩነት አይደለም፤ የመታየትና ያለመታየት ልዩነት ነው።

የዚህች እናት የትምህርት ዘመን የሚጀምረው በልጅነትዋ ነው። አስተማሪዋ እናትዋ ወይም አክስትዋ ናት። መጀመሪያ የሚሰጣት መኪና ሳይሆን የእጅ መርፌና ቍራጭ ጨርቅ ነው። ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት፥ ጠርዝ መቀምቀም፥ ቍልፍ መትከል፥ የተቀደደውን መጥቀም፥ እነዚህን በየተራ ትማራለች። የተጣመመ ስፌት ያገኘች እንደ ሆነ አስተማሪዋ ጨርቁን አትጥልም፤ «ተርትሪና እንደ ገና ስፊ» ትላታለች። ልጅቱም በመተርተር ውስጥ ሁለት ነገር ታውቃለች፤ ስሕተት የሚታረም መሆኑንና እርማትም ጊዜ የሚወስድ መሆኑን። ከዚህ በኋላ በወረቀት ላይ ልክ ማውጣት ይመጣል። የጋዜጣ ወረቀት ወይም የሲሚንቶ ከረጢት ተቈርጦ የእጅጌ፥ የአንገትና የደረት ቅርጽ ይወጣበታል። መቀስ በጨርቅ ላይ የምታሳርፈው ከሁሉ በኋላ ነው፤ የተሳሳተ ስፌት ሲተረተር ይቃናል፤ የተቈረጠ ጨርቅ ግን አይመለስም።

ትዳር በያዙ ጊዜ ባል በወደቡ ወይም በምድር ባቡሩ የሚሠራ እንደ ሆነ የቤቱ ገቢ በወር አንድ ጊዜ የሚመጣ ነው፤ ወጪው ግን በየቀኑ ነው። በዚህ ጊዜ እናቲቱ መኪና ለመግዛት ያስባሉ። ገንዘቡ የሚገኘው ከባንክ ሳይሆን ከጎረቤት ሴቶች ማኅበር ነው። ኢትዮጵያውያት «እቁብ» የሚሉትን ሶማሌዎቹ «ሐግበድ» ይሉታል፤ አሠራሩ አንድ ነው። ሴቶቹ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል ገንዘብ ያዋጣሉ፤ የተዋጣውንም በየተራ አንዷ ትወስዳለች። ጽሑፍና ማኅተም የሌለው ይህ ውል የሚጸናው ከዕጣዋ በኋላ የምትቀር ሴት በሰፈሩ ውስጥ ፊትዋን የምታሳይበት ስለማይኖራት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት በዚህ ሥራ ላይ በትክክል ይታያል፤ ድሩ በሴቶቹ መቀነት የተቋጠረው ገንዘብ ሲሆን የታሰረው አንበሳም ችግር ነው።

የጅቡቲን የበጋ ሙቀት ያላየ ሰው የዚህን ሥራ ድካም በሚገባ ሊገምት አይችልም። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው፤ «ኸምሲን» የሚባለው ደረቅ ነፋስም አሸዋ ይዞ ይነፍሳል። አሸዋው በመኪናው ጥርስ ውስጥ ይገባል፤ ላብ የነካው ነጭ ጨርቅም ምልክት ይይዛል። ስለዚህ እናቲቱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ቀዝቀዝ ባለው ሰዓት ስስና ነጭ የሆኑትን ልብሶች ይሠራሉ። ከኢትዮጵያ የሚገባው ጫት በቀትር ገደማ ደርሶ ገበያውና ቢሮው ጸጥ ሲል፤ ከተማው በጥላ ሥር ሲያርፍ፤ እርሳቸው መተርተርንና ቍልፍ መትከልን የመሰለ እጅ ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ይይዛሉ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ደንበኞች ልክ ለማስወሰድ ይመጣሉ። የእግር መርገጫ ያለው መኪና በዚህች ከተማ ለረጅም ዘመን የተወደደበት ምክንያትም አለው። በጅቡቲ የመብራት ዋጋ ውድ ሆኖ ኖሮአልና፤ ከኢትዮጵያ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ መሥመር ሥራ የጀመረው ገና በ2011 ነው። እግር የሚያንቀሳቅሰው መኪና ግን መብራት ቢጠፋም አይቆምም።

የሚሰፋው ልብስ የአገሩን ጠባይ ይከተላል። አማርኛ ተናጋሪዎች «ድሪያ» የሚሉት ሰፊና ስስ የሴቶች ቀሚስ ለሙቀት አገር የተገባ ነው። ሰፊ ጨርቅ ለሁለት ታጥፎ፥ ለአንገት ተቀዶ፥ የእጅ ማውጫ ቀርቶለት ጎኑ ይገጠማል፤ ከውስጡም ጌጠኛ ጠርዝ ያለው ጉርድ ይለበሳል። ሲታይ ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን ስስ ጨርቅ ከመኪናው ሥር ይንሸራተታል፤ ጠርዙም ቶሎ ይተረተራል፤ ክሩ ትንሽ ቢጠብቅ ጨርቁ ይኮማተራል፥ ቢላላም ስፌቱ ይከፈታል። በመኪና ስፌት የላይኛውና የታችኛው ክር የሚገናኙት በጨርቁ ውፍረት መካከል ነው፤ አንዱ ሌላውን ወደ ራሱ የጐተተ እንደ ሆነ ስፌቱ ይበላሻል። ሚዛኑን የምታገኘው ባለሙያ ይህን በመጽሐፍ አላነበበችም፤ በጣትዋ ጫፍ ታውቀዋለች።

ሥራው የሚበዛው በበዓላት ዋዜማና በትምህርት መክፈቻ ነው። ለዒድ የእስላሙ ቤተ ሰብ፥ ለገናና ለፋሲካ የክርስቲያኑ ቤተ ሰብ፥ ለሠርግም ሁሉም ወደዚያችው መኪና ይመጣሉ። አንድ ጨርቅ ከሌላው ጋር እንዳይለዋወጥ እያንዳንዱ በጥቅል ታስሮ ይቀመጣል፤ ማንበብ የማይችሉ እናት ስም ባይጽፉበትም በክር ቀለምና በቋጠሮ ቍጥር ለይተው ያውቁታል። በአንድ ግድግዳ ሥር የተለያየ ቋንቋ፥ ሃይማኖትና ጎሣ ያላቸው ሰዎች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ፖለቲካው ሰዎቹን በለያያቸው ጊዜ እንኳ ይህች ጠባብ ክፍል ሳትለያይ ቆይታለች።

መለያየቱ ቀላል እንዳልነበረ ታሪክ ይመሰክራል። በነሐሴ 1966 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዠኔራል ደ ጎል ጅቡቲን በጐበኙ ጊዜ የነጻነት ጥያቄ በአደባባይ ተነሣ፤ ብጥብጥም ሆነ። ከዚያ በኋላ መንግሥቱ ከውጭ የሚገባውን ሰው ለመቈጣጠር ከተማዪቱን በእሾሃም ሽቦ አጠረ። በ1967 የግዛቱ ስም ተለወጠ፤ ሰኔ 27 ቀን 1977ም ጅቡቲ ነጻ መንግሥት ሆነች። ከአጥሩ ውጭ የቀሩት ሰዎች በእንጨት፥ በቆርቆሮና በጨርቅ መጠለያ እየሠሩ ባልባላ የሚባለውን ሰፊ መንደር መሠረቱ። እንዲህ ባለ ዘመን ቤቱን ጥሎ የሚሄድ ሰው ሁሉንም ሊሸከም አይችልም። ልብስ ሰፊዋ ግን ሙያዋን በእጅዋ ስለያዘች፤ መኪናው ቢቀር እንኳ መርፌ፥ መቀስና ሜትር ይዛ እንደ ገና ለመጀመር ትችላለች። ከሀብት ሁሉ ዘራፊ የማይወስደው፥ ኬላም የማይቀርጠው ይህ ነው።

መርፌ በአገር ጕዳይ ላይ ያለውን ድርሻ የኢትዮጵያ ታሪክም ያሳያል። በ1935 የፋሺስት ወረራ በተቃረበ ጊዜ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር አባሎች ለዘማቾች ፋሻና ልብስ ያዘጋጁ ነበር፤ የመርዝ ጋዝ በወረደ ጊዜም የጨርቅ ጭምብል ሰፍተዋል። ስለ ጦርነቱ የሚጻፈው መጽሐፍ የጠመንጃውንና የመድፉን ቍጥር ይዘረዝራል። በእነዚያ ሌሊቶች በመብራት ሥር የተሰፋውን ፋሻ ርዝመት ግን የለካው የለም።

እንግዲህ ወደ ትምህርት ቤት የሚያገባው ዋናው ነገር ይህ ነው። የልብስ ሰፊዋ እናት ገንዘብ ከሁሉ አስቀድሞ የዋለው ለልጆች ትምህርት ነው። ደብተር፥ እርሳስ፥ ጫማ፥ የትራንስፖርት ሳንቲም ከመኪናው ሣጥን ወጥቶአል። ልጆችዋ ሲያድጉም የልጅ ልጆች፥ የእኅት ልጆች፥ ወላጅ ያጡ የጎረቤት ልጆች በዚያው መኪና ዙሪያ ተሰብስበዋል። የቤተ ሰቡ ምሰሶ የተባሉት በዕድሜ ብቻ አይደለም፤ የሚራበው፥ የሚታመመውና የሚጣላው ሁሉ ወደ እርሳቸው ስለሚመጣ ነው። የጅቡቲ መንግሥት በ2000 ባወጣው የትምህርት ሕግ ከ6 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆች ትምህርት ነጻና ግዴታ ሆነ፤ በ2006ም የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ከዚህ ሕግ በፊትም ሆነ በኋላ ግን ልጅ ከቤት ለብሶና በልቶ ካልወጣ የነጻው ትምህርት በር ቢከፈትም አይገባበትም። ሕጉ በሩን ከፈተ፤ እናቲቱ ልጁን ወደ በሩ አደረሱ።

በዚህ ስፍራ ግን መራራ የሆነ ጥያቄ ይነሣል። እናቲቱ የሰፉት ልጅቱ እንዳትሰፋ ብለው ነው። «እኔ ዓይኔን ያጠፋሁበትን አንቺ አትንኪው፤ ተማሪ» ማለት በእነዚህ ቤቶች የተለመደ ምክር ነው። ልጅቱም ተማረች፤ የቢሮ ሠራተኛ፥ ነርስ፥ መምህርት ሆነች። ምክሩ ተሳካ፤ ሙያውም በዚያው ተቋረጠ። ያስተማራት መኪና በማዕዘን ቆሞ ጨርቅ ለብሶአል። የአንድ ቤት ድል የአንድ ዕውቀት መጥፊያ ሆነ ማለት ነው።

ከውጭ የሚገባውም ነገር ይህን ያፋጥናል። በ2009 ሥራ በጀመረው በዶራሌ የኮንቴይነር ወደብ በኩል፥ እንደዚሁም ከ2018 ጀምሮ ለንግድ በተከፈተው በአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚጓጓዘው ዕቃ ብዙ ነው። ተሰፍቶ ያለቀ ልብስና «ሰልቫጅ» የሚባለው ልባሽ ጨርቅ በየገበያው ተቈልሎ ይሸጣል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ አዲስ ልብስ ለማሰፋት ከሚጠየቀው የእጅ ዋጋ ያነሰ ነው። በከተማዪቱ ገበያ ብትን ጨርቅ ዛሬም ይገኛል። ድሪያና የሠርግ ልብስ እስካለ ድረስ ልብስ ሰፊ ፈጽማ አትጠፋም። በ1977 የተቋቋመው የጅቡቲ ሴቶች ብሔራዊ ኅብረትም ለሴቶች የንባብና የእጅ ሥራ ትምህርት ሲሰጥ ኖሮአል። ይሁን እንጂ በኮርስ የሚሰጠው ትምህርት ጥቂት ወራት ነው፤ ሃምሳ ዓመት በአንድ መኪና ላይ የተቀመጠ እጅ የሚያውቀው ሁሉ በጥቂት ወራት አይተላለፍም።

ይህ ዕውቀት ከትምህርት ቤት ዕውቀት ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ በአንድ ምሳሌ ይታያል። ወገብዋ 72 ሳንቲ ሜትር ለሆነች ሴት ከ6 ቍራጭ የተገጠመ ጉርድ ይሰፋል እንበል። የእያንዳንዱ ቍራጭ ወገብ 12 ሳንቲ ሜትር ነው። ለመገጣጠሚያ በግራና በቀኝ አንድ ተኩል፥ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ሲጨመር 15 ይሆናል፤ ለ6ቱም በወገብ በኩል 90 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል ማለት ነው። ፊደል ያልቈጠሩ እናት ይህን በቃላቸው ያሰላሉ። ደግሞም የተሸመነ ጨርቅ በቁመቱ ሲጐተት እንደማይሳብ፥ በሰያፍ ሲጐተት ግን በጣም እንደሚሳብ ያውቃሉ፤ ስለዚህ መቀሱን የሚያሳርፉበትን ማዕዘን አስቀድመው ይመርጣሉ። ይህ ሒሳብና ጂኦሜትሪ ነው። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ትምህርት የተባለው በእናቲቱ ጭን ላይ ሲሠራ የሴት ሥራ ብቻ ተብሎ ቀርቶአል።

ለዚህ መዘንጋት ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ባለሙያዎቹ ራሳቸው የያዙት ትሕትና ነው። «ሙያ በልብ ነው» ይባላል። ተረቱ ትዕቢተኛን ለመገሠጽ የተነገረ መልካም ምክር ነው። ነገር ግን በልብ ብቻ የተያዘ ሙያ ልቡ በቆመ ቀን አብሮ ይቀበራል። ትሕትና የባለሙያዋ ድርሻ ይሁን፤ መመስከር ግን የሌላው ድርሻ ነው፤ ከሌሎቹም ሁሉ ይልቅ ብዕር የያዘው የመምህሩ ድርሻ ነው።

እርግጥ ነው፤ ይህን ኑሮ ከልክ በላይ አስጊጦ ማቅረብ እውነትን መበደል ይሆናል። ብዙ ዓመት አጐንብሶ መስፋት ወገብ ያጐብጣል፤ በደካማ ብርሃን ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ መከተል ዓይንን ያደክማል። በዱቤ ወስዶ የማይከፍል ደንበኛ አለ፤ ዘመድ ነኝ ብሎ የእጅ ዋጋ የሚነሣም አለ። ከዚህም የከፋው፤ እናት ስትታመም መኪናው እንዳይቆም ታላቂቱ ሴት ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርታ በእናትዋ ቦታ የተቀመጠችበት ቤት ጥቂት አይደለም፤ ወንድሞችዋ ሲማሩ እርስዋ ሰፍታለች። የልብስ ሰፊዋን እናት ማክበር ማለት ልጅቱን እንደ ገና በመኪናው ላይ ማሰር ማለት አይደለም። የሚፈለገው ልጅቱ መጽሐፍዋንም ይዛ፥ የእናትዋንም ዕውቀት ሳታፍርበት እንድትወርስ ነው።

ከመምህራን የሚጠበቀው ሥራ ከዚህ ይነሣል፤ ትልቅ ገንዘብም አይጠይቅም። አንደኛ፤ የልክ፥ የክፍልፋይና የማዕዘን ትምህርት በሚሰጥበት ጊዜ ከተማሮቹ ቤት የሚታወቀውን የልብስ ሥራ እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ከሩቅ አገር የተቀዳ ምሳሌ ከሚቀርብላቸው ይልቅ የአያታቸው ሜትርና መቀስ ቢጠቀስላቸው ትምህርቱ ቶሎ ይገባቸዋል። ሁለተኛ፤ ይህ የሴት ልጅ ብቻ ትምህርት እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሐረሩ መኪና ግርግር እንደሚመሰክረው መርፌ ወንድና ሴት አይለይም፤ ወንዱም ልጅ የወለቀ ቍልፍ መትከልና የተቀደደ ልብስ መጥቀም ቢማር ክብሩ አይጐድልም። ሦስተኛ፤ ተማሮች የአያቶቻቸውን ሕይወት ጠይቀው በራሳቸው ቋንቋ እንዲጽፉ ማዘዝ ነው። መኪናው መቼ ተገዛ፤ በማን እቁብ፤ የመጀመሪያው የተሰፋ ልብስ ምን ነበረ፤ በእርሱስ ማን ተማረ፤ እነዚህ አራት ጥያቄዎች ብቻ የአንድ ቤት ታሪክ ያወጣሉ። በየትምህርት ቤቱ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ቢሰበሰብ የከተማው ታሪክ ከግማሹ የሚበልጠው በዚያ ውስጥ ይገኛል።

አራተኛም ነገር አለ። ወላጆች ወደ ትምህርት ቤት በሚጠሩበት ቀን ፊደል ያልቈጠሩ እናት ብዙ ጊዜ ከኋላ ወንበር ይቀመጣሉ፤ የልጃቸውን ውጤት ሌላ ሰው ያነብላቸዋል፤ ጥያቄም ሳይጠይቁ ይሄዳሉ። ልጁም ይህን አይቶ በእናቱ ማፈር ይጀምራል። ይህን እፍረት የወለደው ድኽነት ብቻ አይደለም፤ ከአንድ ዓይነት ዕውቀት በቀር ሌላውን ዕውቀት ብሎ የማይጠራ ትምህርትም አስተዋጽኦ አድርጎበታል። መምህሩ እኒያን እናት በስማቸውና በማዕረጋቸው ጠርቶ በፊት ወንበር ቢያስቀምጣቸው፤ ስለ ሙያቸውም በልጆቹ ፊት ቢጠይቃቸው፤ በአንድ ቀን ውስጥ ልጁ ብዙ ዓመት የማይረሳውን ትምህርት ይማራል።

በጅቡቲ በነጻነት ዋዜማ ወጣት የነበሩት ልብስ ሰፊ እናቶች ዛሬ በእርጅና ላይ ናቸው። በአዲስ አበባ፥ በድሬዳዋና በሐረር ያሉት እኩዮቻቸውም እንደዚሁ ናቸው። ቤታቸው የታወቀ፥ ልጆቻቸውም የተማሩ ናቸው፤ ከልጆቻቸውም ብዙዎቹ በዚህ ማኅበር ውስጥ ያሉ መምህራን ናቸው። ስለዚህ ሩቅ መሄድና ብዙ ወጪ ማውጣት ሳያስፈልግ፤ እያንዳንዱ መምህር በሚቀጥለው የዕረፍት ቀን ደብተርና እርሳስ ይዞ ከእናቱ ወይም ከአያቱ መኪና አጠገብ ቢቀመጥ ሥራው ይጀመራል። ዓይናቸው ክር በመርፌ ለማስገባት ቢደክምም አንደበታቸው ገና ይናገራል፤ እጃቸውም ገና ያሳያል። ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚጻፈው የሙያቸው ታሪክ ሳይሆን የሐዘን መግለጫ ብቻ ይሆናል።